ከወንዙ ወዲያ ወይስ ወዲህ

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር፣ አንድ ሰው በዝናብ የራሰ ኮርቻ ከበቅሎው ጀርባ አውርዶ ሲያራግፍ፣ የእርጥብ ቆዳና የላብ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ዣንጥላዬን እንደዘረጋሁ መንገድ ላይ ቆምሁ። ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት በልጅነቴ፣ በገዛ ደጃችን ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ አስታውሳለሁ፤ በዚህ ዕድሜ «አስታውሳለሁ» የሚለውን ቃል ያለ ምስክር መናገር እፈራለሁ።

አባቴ ወደ ሮብ ገበያ በሄደበት ቀን በቅሎዋ ከቀትር በኋላ ብቻዋን መጣች። እስከ ሆዷ ርሳለች፤ ልጓሟ ግን መሬት ሳይጎተት ኮርቻው ላይ በወግ ተቋጥሯል። ከጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና፣ ከገበያው የሚለየን ወንዝ ሳይሞላ አባቴን በየትኛው ዳር እንፈልገው የሚለው ጥያቄ የሞት የሽረት ሆነ።

እናቴ ቋጠሮውን በጣቷ እየዳሰሰች ለአባቴ ወንድም፣ ለአጎቴ ለዘለቀ፣ «ወንድምዓለም፣ የወደቀ ሰው ልጓም አይቋጥርም፤ የሰረቀም በቅሎ መልሶ አይልክም። ራሱ ነው የሰደዳት። መሻገር ቢችልማ ተቀምጦባት ይመጣ አልነበር? ማዶ ቀርቷል» አለችው።

አጎቴ ዘለቀ ላሙ የጎረቤት ገብስ ብትበላ እንኳ ጥፋቱ የገብሱ መሆኑን ዳኛ ፊት የሚያስረዳ ሙግተኛ ነበር። «ደግሞ ጠበቃ ሆንሽብኝ!» አለ። «ተሻግሮ፣ ዳገቱ ላይ አዝኖላት ወርዶ፣ ልጓሟን ቋጥሮ ወደ ፊት ነድቷታል። ከዚያ ጭቃው ጥሎታል። ወዲህ ነው።»

ወንዶቹ ሙግተኛውን ተከትለው እስኪመሽ ዳገቱን አሰሱ። ወንዙ ሞላ። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ቢሻገሩ፣ አባቴን ማዶ ከአንድ ቋጥኝ ሥር እግሩ ተሰብሮ፣ ፊቱን ወደ ቤታችን አዙሮ አገኙት፤ ገላው ቀዝቅዟል። ጮኾ ከሆነም ድምፁን ወንዙ ውጦበታል።

በኋላ የአመክንዮ መምህር ሆንሁ፤ የእናቴንም ክርክር ስሟን ሳልጠራ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ አስተማርሁ፤ ከመነሻው እስከ መደምደሚያው እንከን የለውም፣ ጥፋቱ የሰሚዎቹ ነው እያልሁ። ታላቅ እህቴ የሺ አንድ ቀን ይህንኑ ስተርክ ሰማችኝና በሐዘን ሳቀች።

«አየ ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ትምህርት ገልብጦብሃል! ‹ማዶ ነው› ያለው እኮ አጎታችን ነው። እማማ ናት ‹ወንዙ ሌላ ሰው እንዳይበላብኝ፣ ስለ ማርያም ወዲህ ፈልጉ› ብላ እግሩ ላይ የወደቀችው።»

ተቆጣሁ፤ ሌት ተቀን ግን መረመርሁት። እውነቱ የእናቴ ከነበረ፣ እንዴት ዕድሜዋን ሙሉ አጎቴን አንድ ቀን እንኳ ሳትወቅሰው ኖረች? ይህ ለእህቴ ይመሰክራል። ነገር ግን እውነቱ የአጎቴ ከነበረ፣ የረታውን ሙግት ሁሉ በየድግሱ የሚያወራ ሰው፣ ስለዚያ ቀን እንዴት ትንፍሽ ሳይል ሞተ? ይህ ደግሞ ለእኔ ይመሰክራል። ሁለቱን ዝምታዎች ብመዝናቸው እኩል ሆኑብኝ።

አንዱ የሌላውን ጥፋት ተሸክሞ ዝም ብሎለታል፤ እስከዚህ ድረስ እርግጠኛ ነኝ። ማን ለማን እንደሆነ ግን ላውቅ አልቻልሁም፤ የሺም አርፋለች። ዛሬ ያን ቀን «ማዶ ነው» ያለው ማን እንደነበር የምጠይቀው ሰው በምድር ላይ የለም፤ እናቴንም ሳስብ ለየትኛዋ እንደማለቅስ፣ ላልተሰማችው ይሁን ለተሰማችው፣ አላውቅም።