ከስልክ ኩባንያዬ ልፋታ ብዬ ሽማግሌ ላክሁ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ በረዶ በገባ ሰሞን ነው። ኦስሎ ውስጥ ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ አንጀቴን እንደዚህ አሳርሮ እንደዚህ ያሳቀኝ ግን የለም። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ።

የምኖረው ሃውገንስቱዋ በሚባል ሰፈር፣ ከፎቆቹ በአንዱ ምድር ቤት ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ቪካር ሆኜ ነበር። ቪካር ማለት ሠራተኛ ሲታመም የሚጠራ ተተኪ ነው፤ ጠዋት ይደወላል፣ ስልኩን ቀድሞ ያነሳ ሥራውን ያገኛል። አለቃችን ማሪት አንድ ቋሚ ቦታ ሊከፈት ነው ብላናለች። ለማን እንደሚሰጥም አልደበቀችም። "ሲደወልለት ለሚያነሳ ሰው" አለች፣ እኔን እያየች።

እኔ እኮ ማንሳት ጠልቼ አይደለም። ስልኩ አይጠራም! በቅናሽ አማልሎ ያስፈረመኝ ኩባንያ ኔትወርኩ በሬ ድረስ ይመጣና እንደ ባዕድ እንግዳ እዚያው ይቀራል። መስኮት ከፍቼ ግማሽ አካሌን ለበረዶው ካላወጣሁ ማንንም አልሰማም።

ውሌን አፍርሱልኝ ብዬ ደወልኩ፤ ያው በመስኮት ወጥቼ። "ቢንዲንግ አለብሽ" አሉኝ። ቢንዲንግ ማለት ቀኑ ሳይደርስ ንቅንቅ አትዪም የሚል ማሰሪያ ነው። ኔትወርካችሁ እኮ ቤቴ አይገባም ስላቸው "ካርታችን ላይ ይገባል" አሉ። እንግዲህ ካርታው ላይ ሄጄ ልኑር? ጓደኞቼ ደግሞ ሌላ ሲም ግዢ ይሉኛል። ከአንዱ ሳልፋታ ሌላ ላግባ?

ብሶቴን እሁድ ከጸሎት በኋላ ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጥተው ብቻቸውን የሚኖሩት እኔ ያለሁበት ሕንፃ፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። "ይህማ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው" አሉ። እኔ ቂሏ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ብሪን የሚባል ሰፈር ወዳለው የኩባንያው ሱቅ ሄድን። ጋሽ ወርቁ ሙሉ ልብስ ከነከረባታቸው፣ ጓደኛቸው ጋሽ ደምሴ ከነባርኔጣቸው። በር ላይ ተራ ቁጥር ውሰዱ ተባልን። "ሽማግሌ ተራ አይጠብቅም" ብለው ጋሽ ወርቁ ቀጥ ብለው ገቡ። ኦላ የሚባለው ሻጭ ወንበር ቢያቀርብላቸው አንቀመጥም አሉ። በእኛ ወግ የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ማለት ነው። ኦላ ምን ይወቅ፣ ወገባቸውን ያመማቸው መስሎት ትራስ ፈልጎ አመጣ።

ጋሽ ወርቁ በኖርዌጅኛቸው ጀመሩ። ስለ ስልኩ እንዳይመስላችሁ። እናትህ ደህና ናቸው? አባትህስ? አያት አለችህ? ኦላ መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቀጥሎ "ያ፣ ያ"፣ አዎ አዎ እያለ ይመልስ ጀመር። እኔ "ኔትወርኩ..." ብዬ አፌን ስከፍት ጋሽ ወርቁ ዞር አሉ።

"ሰናይት፣ ሽማግሌ ሲናገር ባለጉዳይ ዝም ይላል። እስቲ ወደዚያ ቆየት በይ።"

ሄጄ የስልክ ሽፋን የተሰቀለበት ጋ ተገተርኩ። ኦላ ያወራል፣ ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ጋሽ ደምሴ "እህ... እህ" ይላሉ። ኋላ ሁሉም ተቀመጡ። እሰይ፣ አለቀ አልኩ በሆዴ።

ተጠራሁ።

"የሁለታችሁንም ሰምተናል" አሉ ጋሽ ወርቁ። "እሱም ጥፋቱን አምኗል። እናንተ ልጆች ደግሞ ትንሽ ነገር በተፈጠረ ቁጥር መለያየት ነው የሚቀናችሁ። ታረቁ።"

"ምን?"

"ተጨባበጡ እንጂ!"

ይሉኝታ ይዞኝ ጨበጥኩት። ይሉኝታ ይዞኝ ፈረምኩ። ውሉ ለአንድ ዓመት ተራዘመ! ለካሳ ተብሎ ዳታዬ እጥፍ ሆነልኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ጋሽ ደምሴም "ጨዋ ልጅ ነው" ብለው እዚያው ደንበኛ ሆኑ። ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ማፋታት መቼ ያውቃል? እኔ ነኝ ጅሏ።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ አላናገርኳቸውም። ቋሚ ሥራዬ ከእጄ ሲወጣ ታየኝና እንባዬ መጣ። ጋሽ ወርቁ ደንግጠው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ የማሪትን ነገር ያኔ ዘረገፍኩላቸው።

"ታዲያ ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?" አሉ። ወይ ጉድ! ዝም በይ ብለውኝ! ትንሽ አሰቡና "ያስታረቀ ዋስ ነው" አሉ። "የእኔን ቁጥር ስጫት። ላይ ቤት ስልኩ ይጠራል።"

ምን አማራጭ አለኝ፣ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ማሪት ለእሳቸው ትደውላለች፤ እሳቸው ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ይወርዱና በሬን ይደበድባሉ። "ሰናይት! ሥራ ተጠርተሻል! ትመጣለች ብያለሁ!" እኔን ሳይጠይቁ እኮ ነው። ጉንፋን ቢጥለኝም ትመጣለች፣ የጓደኛዬ ሰርግ ቢሆንም ትመጣለች። አንድ ጠዋት ዘግይተው መጡ። ምነው ብላቸው "የማሪት እናት ወድቀው እግራቸውን ተሰብረዋል፤ እሱን ስንጫወት ነው" አሉኝ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ከማሪት ጋር ስሠራ እናት እንዳላትም አላውቅም ነበር።

በረዶው ሲቀልጥ ቋሚ ሥራውን አገኘሁ። ማሪት "ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራምሽ የታወቀ ነው፤ መደወል ቀረ" ብላ አስፈረመችኝ። በሩጫ ሄጄ ለጋሽ ወርቁ አበሰርኳቸው። ጌታን አመሰገኑ፣ ራሴን ይዘው ባረኩኝ።

ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"እንግዲህ ማሪት አትደውልማ" አሉ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን ነገሩ ገባኝ። እኔ ከስልክ ልገላገል ስታገል፣ እኚህ ሰው የሚደውልላቸው አልነበረም። በማግስቱ ለማሪት ነገርኳት። "አልደውልም ያለው ማነው?" አለችኝ ተቆጥታ።

አሁን ከሥራ ቦታ ስደውልላቸው መስመሩ ተይዟል ይለኛል። ቀና ስል ማሪት ቢሮዋ ውስጥ ስልክ ይዛ ትስቃለች። ኩባንያውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ሽማግሌዎቹን ግን ይቅር ብያለሁ።