ምስል ልናወጣ መጥተን ነው

ቢሯችን ውስጥ «ፎቶ» ማለት ያስቆጣል። አለቃዬ የቴሌቪዥንና የማስታወቂያ ፊልም ዳይሬክተር ነው። «ፎቶ ሰርግ ቤት ነው፤ እኛ የምንሠራው ምስል ነው» ይላል። ዩኒቨርስቲ እንደጨረስኩ ዳይሬክተርነት አስተምርሻለሁ ብሎ ቀጠረኝና ስምንት ወር ታይፕ አስመታኝ። በስምንት ወር የተማርኩት ያቺን አንዲት ቃል ነው።

የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ባላገር እናት ወንዝ ዳር ጋቢ ስታጥብ ማሳየት አለብን። «ቢቸና ነው የተወለድኩት፣ ሰዉን አውቀዋለሁ፣ ውሰደኝ» አልኩት። መወለዴ እውነት ነው። በአራት ዓመቴ ወጥቼ አዲስ አበባ ማደጌን ግን አልነገርኩትም።

ዓባይን ተሻግረን ደጀን ስንገባ አለቃዬ ወባው ተነሳበት። አልጋ ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ፣ «ሂጂ እንግዲህ። የቀረን አንድ ጥቅል ፊልም ነው። ካበላሸሽው ታይፕሽ ይጠብቅሻል» አለኝ።

ደስ አለኝ። ለምን እዋሻለሁ፣ ሰውየው ታሞ እኔ ደስ አለኝ።

ከካሜራማኑ ጋር ሞጣ ወረድን። መኪናውንም የሚነዳው እሱ ነው፤ መንገዱን ሙሉ «ወይዘሪት ዳይሬክተር» እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን ሹፈቱን ትቶ በጣቱ አሳየኝ። አንዲት ሴትዮ ድንጋይ ላይ ቆመው በእንዶድ አረፋ ውስጥ ጋቢ ይረግጣሉ። አገጫቸው ሹል፣ ዓይናቸው ጎድጎድ ያለ፤ አንዴ ያየው ሰው የማይረሳው ፊት። ፀሐይዋ ልታዘቀዝቅብኝ ነው። ሮጬ ሄድኩ።

«እንደምን ዋሉ እመይቴ። ከአዲስ አበባ ነን። ምስል ልናወጣ መጥተን ነው።»

እግራቸው ቆመ።

«ምስል?»

«አዎ፣ ምስል። በዚሁ በጋቢው።»

ጋቢውን አዩት። እኔን አዩኝ። ድምፃቸው ወረደ።

«ሰምታችኋላ?»

ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ስለ ሳሙናው መስሎኝ ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። እውነቱ፣ ምንም አልመሰለኝም፤ እሺ እንዲሉኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

«አዎ፣ ሰምተናል» አልኩ።

ሳሙናውን ሰጠኋቸው፣ ካሜራው ተነሳ። ትንሽ አጠቡና ጋቢውን ከውሃው አውጥተው ፊታቸው ላይ ጫኑት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ካሜራማኑ ቀና አለ።

«ኧረ እያለቀሱ ነው። ላቁም?»

«እንዳታቆም!»

ካሜራችን ድምፅ አይቀዳም። ያሉትን የሰማሁት ቅርባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። «ጋቢህን ትተህልኝ ሄደህ፣ ብርዱን እንዴት ቻልከው አንተ ልጅ?» ነበር የሚሉት። ልጃቸው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ አለፍኩት። ጥቅሉ አለቀ።

«ምስሉን መቼ ታመጪልኛለሽ ልጄ?»

«ታጥቦ ሲያልቅ» አልኳቸው፣ ፊልሙን ማለቴ ነው።

«እሱማ ታጠበ» አሉኝ፣ ጋቢውን እያሳዩኝ።

በማግስቱ ስንመለስ ቢቸና አክስቴ ቤት ለምሳ አረፍን። ጉዴን በኩራት ስነግራት አክስቴ የያዘችውን ወጭት አስቀመጠች።

«ምን አልኳት አልሽ?»

«ምስል ልናወጣ መጣን አልኳቸው።»

«ሥራሽ ያውጣሽ! እኛ አገር ምስል የሚወጣው ሬሳው ለሌለ ሰው ነው። ሰው አገር ሄዶ ሲሞት፣ ልብሱን ለእንጨት አልብሰን ለቅሶው ላይ አውጥተን ነው የምናለቅስለት። ጋቢው የማን ነበር?»

ካሜራማኑ ቀድሞኝ መለሰ። «የልጃቸው ነው። ዕቃ ስጭን ወንዝ የወረዱት ሴቶች ነግረውኛል። ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ሁለት ዓመት ወሬው ጠፍቷል። ሞተ ያለ ግን የለም።»

«አሁንማ አለች» አለች አክስቴ በአገጯ እያሳየችኝ። «ይቺው።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ካሜራማኑ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ፤ ፊቱ ላይ ሹፈት የለም።

«ልመልሰው? ሳይመሽ ሞጣ እንገባለን።»

«ተመለሽ» አለች አክስቴ። «ዛሬውኑ ለቅሶ ሳትቀመጥ ድረሽባት።»

አለቃዬ ደጀን ይጠብቃል። ፊልሙ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል። እነዚህን ሁለቱን አልኳቸው። ሦስተኛውን፣ ታይፑን፣ አላልኩም።

«ወደ ደጀን ንዳ» አልኩት።

ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ አለቃዬ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ለቅሶው ላይ ዋሽንት ጨመረበት፤ በዋሽንት የደስታ እንባ መሰለ። ከታይፕ ተነሳሁ። የራሴ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ያሳዩታል። አንድ ቀን ገብቼ ሰው ከዋሽንቱ ጋር ሲያፏጭ ሰማሁና መሀሉ ላይ ወጣሁ። ያ ፊት ቤቴም ይከተለኛል። ልብስ ሳጥብ አረፋው ውስጥ አየዋለሁ።

በሦስተኛው ወር ማስታወቂያውን በየከተማው እንድናሳይ ተላክን። ሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ በቀን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደን አንሶላ ሰቀልን። ርዕሰ መምህሩ የጃንሆይ ፎቶ አይሸፈንም ስላሉ አንሶላውን ዝቅ አደረግነው። ጃንሆይ ከላይ ሆነው እኛን ያያሉ።

ሴትዮዋ ምስሉ መጣ ሲባል ሰምተው ከዘመዶቻቸው ጋር መጡ። ጠጉራቸው ተላጭቷል፣ ጥቁር ለብሰዋል። ፊት ተቀመጡ።

ፊልሙ ሲጀምር ሕዝቡ «ወንዛችን! ወንዛችን!» እያለ ሳቀ። ጋቢው ፊታቸው ላይ ሲሆን ሳቁ ቆመ። ሳሙናው መጣ፣ ፊልሙ አለቀ፣ ብርድ ልብሱ ከመስኮቱ ተነሳ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያወጣሽው እኔን ነው እንዴ?»

«አዎ እመይቴ።»

«እሱስ?»

ከቢቸና ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን አሁን አልኩት። «ስለ ልጅዎ የሰማነው ነገር የለም። ያኔም አልሰማንም። ዋሽቼዎት ነው።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዘመዶቻቸው ማጉረምረም ሲጀምሩ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«አርባውን አውጥቻለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ጋቢውን ለነፍስ አባቱ ሰጠሁት። አሁን ቢመጣ ምን ይለብሳል?»

ፊልሙን ልጠቀልል ጎንበስ አልኩ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አሉ። «ጋቢውን ልየው።»

መስኮቶቹን መልሰን ጋረድን። ደገምኩላቸው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ፣ የሁመራ ሠራተኞችን የጫነ መኪና ሲገባ አውቶቡስ ተራ እሄዳለሁ። የልጁን መልክ አላውቀውም፤ የማውቀው የእናቱን ነው። አገጩ ሹል፣ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ ጎረምሳ ሳይ አስቆማለሁ።

«የሞጣ ልጅ ነህ?»

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ «አዎ» አለኝና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማን ሞተ?»

እናቱ ማን እንደሆኑ ጠየቅኩት፤ የሌላ ሴት ልጅ ነው።

«ማንም አልሞተም» አልኩት። አሁንም ሳልሰማ ተናገርኩ።