ሁለት ሴት ያሳደጋት

እኔና ይማም አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሐብሐብ መቁረጥ ነበር። ላስ ቬጋስ፣ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ልጃችን ቤት ሄደን፣ እሷ ከሥራ እስክትመለስ ጋራዡን ከፍተን ጥላው ውስጥ ሁለት ወንበር ዘረጋን። አስፋልቱ ጫማ የሚይዝበት የበጋ ወር ነበር። ይማም ይቆርጣል፣ እኔ በቢላ ጫፍ ፍሬውን እለቅማለሁ። አንዲት ትንሽ የጎረቤት ልጅ መጥታ ፊታችን ቆመች። አንድ ቁራጭ ሲሰጣት አመስግና አልሄደችም፤ ለአባቶቿም ሁለት እንዲጨምርላት ጠየቀች። ሁለቱ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ መኪና እያጠቡ ነበር፤ እጃቸውን አነሱልን። ይማም ሁለት ትልልቅ መርጦ ሰጣት፣ ቢላውን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«ሰዓዳ፣ የክርክር ጓደኛ መጣችልሽ» አለኝ፤ ሳቀም። በዚያው ሳምንት ልቡ ቆመ።

ያን ክርክር እሱ ሲያወራው አጭርና የሚያስቅ ነበር፤ ልጆቻችን በቃላቸው ይዘውታል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ልጀምረው። የሚያጣድፈኝ የለም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት ወዲያ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ይማም ታክሲ ይነዳ ነበር። በአውቶቡስ ብሄድ ሺፍቴ ላይ ስለማልደርስ፣ ኮሌጁ በር ላይ ፓርክ አድርጎ ይጠብቀኛል። ወንበሬ ላይ ሁልጊዜ በወረቀት የተጠቀለለ የእንቁላል ሳንድዊች አለ፤ ቃሪያው የእሱ ጭማሪ ነው። ከኮሌጁ እስከ ሆቴሉ ያለው መንገድ ያን ጊዜ ግማሹ ባዶ አሸዋ ነበር፤ በጸደይ ነፋሱ ሲነሳ ተራሮቹ ጭራሽ አይታዩም። የተዋደድነው እዚያ መንገድ ላይ ነው ብል አልዋሸሁም። ሊያገባኝ ይፈልግ ነበር። እኔም እፈልግ ነበር።

ያልፈለጉት ታላቅ እህቱ እትዬ ፋጡማ ናቸው። ቀድመውት አሜሪካ የገቡ፣ እሱንም ያስመጡ፣ እዚህ ያለነው የወሎ ልጆች ሁላችን የምናከብራቸው ሴት ነበሩ። እኔን ፊት ለፊት ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ለወንድማቸው ግን የልባቸውን ነገሩት፤ እሱም ነገር መደበቅ የማይችል ሰው ነውና ለእኔ ነገረኝ።

«ልጅቷን አላማኋትም፤ ሠራተኛ ናት። ግን ሴት ያሳደጋት ናት። ያውም ሁለት ጣውንት።»

ሴት ያሳደገው ስንል ተቆጪ ያጣ፣ ሥርዓት የጎደለው ማለታችን ነው። ጣውንትም የአንድ ባል ሁለት ሚስቶች ማለት ብቻ አይደለም። ሁለት ሰዎች በክፉ ዓይን ሲተያዩ እንደ ጣውንት ተያዩ እንላለን፤ ጠቡ ቃሉ ውስጥ አብሮ አለ። እኔ ሁለቱንም ቃላት ከኋላዬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግረው መጥተው በይማምና በእኔ መካከል ገቡ። እህቱን አስቀይሞ ሽማግሌ ቢልክ እንኳ እድሜ ልኩን እያዘነ እንደሚኖር አውቅ ነበር።

ነገሩ እዚህ ላይ እያለ ነው የንግግር አስተማሪያችን ሚስ ዶሪስ ለክርክር ዕጣ ያስወጣችን። ጸጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትይዝ፣ ድምጿ ወፍራም የሆነ አሮጊት ነበረች። ጊዜው አገሩ በሙሉ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ይጋቡ አይጋቡ እያለ የሚጨቃጨቅበት ስለነበር ርዕሱን ከዚያ አመጣችው። ልጅ ደህና ሆኖ እንዲያድግ እናትም አባትም ቤት ውስጥ መኖር አለባቸው? ወይስ ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች ቢያሳድጉትም ያድጋል? ለእኔ «እናትና አባት ግድ ነው» የሚለው ወገን ደረሰኝ። አጋሬ ብራያን ጨዋ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ልጅ ነበር። በወዲያኛው ወገን ዳና የምትባል፣ ለካዚኖ ካርድ ማከፋፈል የምትለማመድ ልጅ አለች።

ሙስሊም ነኝ፤ ዕጣው ከእምነቴ ጋር አልተጣላም። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። የማጠናውን ባነበብኩ ቁጥር ድምፁ የእትዬ ፋጡማ ይሆንብኛል። ያለ አባት ያደገ ልጅ ይጎድለዋል ብዬ በአደባባይ ልቆም ነው፤ ያውም ይማም ፊት። ሚስ ዶሪስ ቤተሰብ እንዲመጣ ስለፈቀደች እሱም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተቀምጧል።

ብራያን ጥሩ ተናገረ። አባት የሌላቸው ልጆች ትምህርት ያቋርጣሉ፣ መንገድ ይስታሉ አለ። እኔም ተነስቼ ያጠናሁትን ጨመርኩ። ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ዳና እኔን መረጠች።

«አንቺን ማን አሳደገሽ?» አለችኝ።

በእንግሊዝኛ ጣውንት የሚለውን ፈለግሁ። መዝገበ ቃላቴ ያሳየኝ ባላንጣ የሚለውን ነበር። እናቶቼን እንዴት ብዬ ባላንጣ ልበላቸው? ቤታችን ውስጥ እንደምንለው አልኩት።

«ሁለት እናቶች።»

ብራያን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ተጠግቶ ለምን እንዳልነገርኩት ጠየቀኝ፤ አልጠየቅከኝም አልኩት። ዳና ሊያጠቃኝ የተዘጋጀው ፊቷ ሁሉ ለሰለሰ። ለካ እሷም እናቷና የእናቷ ወዳጅ የሆነች ሊንዳ የምትባል ሴት ናቸው ያሳደጓት። ጎረቤት ይናገርሽ ነበር ወይ አለችኝ። በጣም፣ ስድብም አለው አልኩና ሴት ያሳደጋት የሚለውን ተረጎምኩላት። እኛንም እንዲሁ ነው አለች። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የቷ ትመጣልሽ ነበር አለችኝ። የተመቻት፣ አንዳንዴም ሁለቱም አልኩ። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ እኔ እነቀንቃለሁ። ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር የምናወራ መስሎን እንዲህ ብዙ ሄድን።

«እናቶችሽ እንዴት ተገናኙ?» አለች በመጨረሻ።

«አባቴ ነው ያገናኛቸው። ሁለቱንም አገባ።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ከሁሉ በላይ የሚሰማው የይማም ነበር፤ ኮፍያውን አፉ ላይ ቢጭነውም አልቻለም። አንዲቷ ብቻ አልሳቀችም። ዳና ፊቷ ቀልቶ ወረቀቷን ትሰበስብ ጀመር፤ የቀለድኩባት መስሏታል። ሚስ ዶሪስ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ፣ ልቀመጥ ወይስ ልቀጥል እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ከተቀመጥኩ እናቶቼ የክፍሉ ቀልድ ሆነው መቅረታቸው ነው። ዳናም ከነፊቷ መቅላት መሄዷ ነው። እቀጥላለሁ አልኩ።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የቤታችንን ነገርኳቸው። ኮምቦልቻ አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበረን፤ በመሀል የእንጨት አጥር። በአንዱ የወለደችኝ እማዬ፣ በሌላው የአባቴ የመጀመሪያ ሚስት እቴቴ። እቴቴ ልጅ አልነበራትም። አባቴ በሕይወት እያለ ሁለቱ ሴቶች ከሰላምታ በቀር አይነጋገሩም፤ ጣውንት የሚለው ቃል እንደሚያዛቸው ኖሩ። አምስት ዓመቴ ላይ አባቴ እህል ሊያመጣ እንደሄደ መኪና ተገልብጦ ሞተ። ባሏ የሞተባት ሴት ቤቷ ተቀምጣ የምትጠብቀው ጊዜ አለ፤ ዒዳ እንለዋለን። ሁለት ሴቶች ለአንድ ሰው፣ በአንድ ግቢ፣ አንድ ዒዳ ተቀመጡ። እማዬ ወንድሜን ታጠባ ስለነበር እቴቴ ገንፎ እያገነፋች በአጥሩ ላይ ታቀብላታለች። ክረምቱ ሲከብድ ማገዶ አለቀ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱም ወጥተው አጥሩን ነቀሉና አነደዱት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አንድ ሆነ። አንዷ ገበያ ስትወጣ አንዷ ከእኛ ጋር ትውላለች። የማሽላ እሸት ሲደርስ ሁለቱም ጠብሰው ሁለቱም ያቀርቡልናል፤ የየትኛዋን አስቀድመን እንደምንበላ በዓይናቸው ይጠብቃሉ። እኔና ወንድሜ በሁለት እጅ መብላት የለመድነው ለዚህ ነው።

ስጨርስ ማንም አልሳቀም። ሚስ ዶሪስ እርሳሱን ከጸጉሯ አውጥታ፣ እንዲህ ከሆነ ክርክርሽ የት ደረሰ አለችኝ። ጥያቄው ትክክል ነበር።

«አባቴ ጎድሎኛል» አልኩ። «ዒድ በመጣ ቁጥር፣ የሌላው አባት በጉን ሲጎትት አይቼ ተደብቄ አልቅሻለሁ። ይህን የለም ብዬ አልክድም። የጎደለኝ ግን እሱ ራሱ ነው እንጂ ቤት የሚያሞላ ወንድ አልነበረም። ብራያን የጠቀሳቸው ልጆች ቤታቸው የፈረሰባቸው ናቸው። የእኛ ቤት አንድ ጊዜ ተመታ፤ ዳግም አልፈረሰም። እነዚያ ልጆች የተጎዱት ወንድ ስላጡ ይሁን ቤት ስለፈረሰባቸው፣ እኔ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ዳና ተነሳች። «ያንቺዎቹ ግን ፍቅረኛሞች አልነበሩም» አለች፤ ሙግቷ አልለቀቃትም።

«አልነበሩም። በእኔ ሃይማኖት ያ አልተፈቀደም፤ አልደብቅሽም። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን ስለ ልጁ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁት ሳል ሲይዘኝ ማን እንደሚነሳ ነው።»

«እኛ ቤት የምትነሳው ሊንዳ ናት» አለችና ተቀመጠች።

ክርክሩን እነሱ አሸነፉ። ብራያን ለእነሱ ነው የተከራከርሽው ብሎ ተቀየመኝ፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ከመንገዱ በላይ የምራመድ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከኋላዬ የሚወረወረውን ቃል ሰው ፊት አቁሜ፣ ዓይኑን አይቼ፣ ውሸት መሆኑን ተናግሬበታለሁ።

ይማም መኪና ውስጥ አልሳቀም። ሳንድዊቹን እንኳ ብዪ አላለኝም። ባዶውን አሸዋ አልፈን ትልልቆቹ ሆቴሎች መታየት ሲጀምሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰዓዳ፣ ሽማግሌ የምልከው ለየትኛዋ ነው?»

«ለሁለቱም» አልኩት።

አገራችን ላይ ሽማግሌ የሚላከው ለአባት ነው፤ አባት ከሌለ ለአጎት። አጎቴም አዲስ ጋቢ ለብሶ ተዘጋጅቶ ነበር አሉ። ይማም ግን በስልክ ለሽማግሌዎቹ ቁርጡን ነገራቸው፦ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ጥያቄውም ለእነሱ ይቅረብ። አጎቴ አኩርፎ ጥግ ያዘ። ሽማግሌዎቹ የልጁን ዘር፣ ሥራውንና ጠባዩን ዘረዘሩ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እቴቴ ግን ቀና ብላ አንድ ነገር ጠየቀች።

«መልካም። ልጁን ማን አሳደገው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ለካ የይማም እናት ገና ሳያውቃት ሞታለች፣ አባቱም እድሜውን የጅቡቲ መንገድ ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው። ያጠቡት፣ ያበሉት፣ የቀጡት እህቱ እትዬ ፋጡማ ናቸው። በመጨረሻ አንደኛው ሽማግሌ እየተቅለሰለሰ፣ «እሱም… ሴት ያሳደገው ነው» አለ። እቴቴ የእማዬን ጉልበት መታ አድርጋ፣ «እንግዲያ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው፤ ሰጥተናል» አለች።

ይህ ወሬ ላስ ቬጋስ ሲደርስ ሁላችንም እትዬ ፋጡማን ፈራናቸው። የእሳቸው ዓይን ግን እንባ ሞላ። እሱን ማሳደጋቸውን ከዚያ በፊት ማንም ሽማግሌ ፊት ጠርቶላቸው አያውቅም ነበር። በሠርጋችን ቀን ወገባቸውን በነጠላ ታጥቀው እንግዳ ሲያስተናግዱ ዋሉ፤ ይማምንም አንድ አማት እንኳ ያስጨንቃል፣ ሁለቱን እንዴት ልትችል ነው እያሉ አሾፉበት።

የክርክሩ ርዕስ ዛሬም አላለቀም። መስጊድ ሲነሳ እሰማለሁ፣ ልጄና ጓደኞቿ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ሲጨቃጨቁም እሰማለሁ። እምነቴ ያኔ የነበረው ነው። ያን ቀን የተናገርኩትም እንዳለ ነው፤ አንዱን ለሌላው ብዬ የተውኩት የለም። ሰው ልጅ ስለማሳደግ ሲያወራ ቤት ውስጥ ያሉትን ቁጥርና ጾታ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ መከራው ከገባ በኋላ እዚያ ቤት ማን እንደቀረ መጠየቅ ይቀናኛል። ይማም ሥርዓት ያለው፣ ያከበረኝ፣ ልጆቹን ያቀፈ ሰው ነበር። ማን እንዳሳደገው አውቃለሁ፤ በእሱም በእኔም እኮራለሁ።

እማዬ ካረፈች ቆይቷል። እቴቴ አለች፤ ጆሮዋ ከብዷል፣ ድምጿ ግን ያው ነው። እኔ አሁን ዒዳ ላይ ነኝ፣ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ጠዋት ጠዋት ሱብሂ ሰግጄ ለእቴቴ እደውላለሁ።