ሰባራ መኪና ያልነበራት ልጅ

ልጅ እያለሁ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቀጥ ያለ ነገር አየሁ ከተባለ እህቴ የሠራችው ነው። አጥራችን ጎብጦ ነበር፤ የጓሮ በራችን ካልተደገፈ አይቆምም፤ አባታችን የሚሠሩበት ወፍጮ ቤት እንኳ ጣሪያው ወደ አንድ ጎኑ ተኝቶ ነው የኖረው። የይታይሽ የሽቦ መኪና ግን መሬት ላይ ሲቀመጥ አራቱም ጎማው እኩል ይረግጥ ነበር። እህቴ ስለሆነች የማጋንን እንዳይመስላችሁ። በሕይወት ያለ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ይመስክር!

ይታይሽ ከኔ የምትበልጠው በጥቂት ዓመት ነው፤ ያም ሆኖ ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ እታለም ነው የምላት። እኛ ወንዶቹ የሽቦ መኪና ስንሠራ በዓይናችን ለክተን፣ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ሲያቅተን በጥርሳችን ነክሰን ነበር። የኔ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ከአጥር የተነቀለ ሽቦ፣ ካለቀ ሲሊፐር ሶል የተቆረጠ ጎማ፣ ማሰሪያው የላስቲክ ክር። ሲያልቅ መኪና ይሁን ፍየል የሚለየው ሠሪው ብቻ ነው። እሷ እንዲህ ያለውን ነገር አይታ ማለፍ አይሆንላትም ነበር። "ይሄ ምን ነክቶት ነው? ጠላ ጠጥቶ ነው እንዴ የመጣው?" ትልና ከእጃችን ነጥቃ ትፈታዋለች።

ሚስጥሯ አንድ ጣውላ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ አሮጌ በር የተረፈ የዋንዛ ጣውላ ነው። ከአባታችን ለምና ወሰደችውና የሰፈራችን አናጢ በመላጊያ እስኪልግላት ድረስ ደጅ ጠናችው። ግማሹ ላይ የመኪናውን ቅርጽ በከሰል ሳለች፤ በየማዕዘኑ ምስማር መታችና የምስማሮቹን ራስ በፒንሳ ቆረጠች። ከዚያ በኋላ ሽቦውን በምስማሮቹ ዙሪያ እየጎተቱ ማጠፍ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ላይ ላጥ ይደረጋል። የፊቱና የኋላው ዘንግ የሚተኛበትንም በቢላ ፈልፍላ ሁለት ቀጫጭን መስመር አውጥታለታለች፤ ዘንጎቹ እዚያ ተኝተው ስለሚታሰሩ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ አያይም። የጣውላውን ሌላ ግማሽ ባዶ ነው የተወችው። መኪናው ሲያልቅ እዚያ ደልዳላው ላይ ታስቀምጠውና ማዕዘን ማዕዘኑን በጣቷ ጫን ጫን ታደርጋለች። ቀጭ ካለ አንዱ ጎማ አልረገጠም ማለት ነው። "አንካሳ ነው" ትላለች፤ እንደገና ፈትታ ታስረዋለች። ጣውላውን 'ልክ' ብላ ነበር የሰየመችው፤ "ልኬን ማን ነካብኝ?" ካለች ቤቱ ይታመሳል።

ውድድራችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ለዝናብ ውሃ በተሠራው የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ነበር። የቦዩ ወለል መሃል ለመሃል ሲሚንቶው የተጋጠመበት ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከመኪናው አፍንጫ ሥር ምስማር እናስርና ጫፉን ስንጥቁ ውስጥ እናስገባለን፤ ከላይ ሲለቀቅ ስንጥቁን ይዞ ይንደረደራል። የተጣመመው መኪና እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዘሎ ይወጣና ይገለበጣል፤ እኛም በሳቅ እንፈርሳለን። የይታይሽ አንድም ቀን ሲዘል አላየሁም። መጀመሪያ ወንዶቹ ሴት ምን ልታደርግ መጣች ብለው አፋቸውን አሞጥሙጠው ነበር። ኋላ እነሱው ሽቦ እየያዙ፣ እየተሽኮረመሙ፣ "እስቲ ልክሽ ላይ አስቀምጪልኝ" እያሉ ደጃችን ይሰለፉ ጀመር። እኔማ የእሷ ወንድም በመሆኔ ብቻ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

አባታችን ከጅጋ ወዲያ ያለ ገጠር ተወላጅ ናቸው። ወደ ከተማ ሲገቡ መሬታቸውን ለአንድ ጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ነው የመጡት፤ ይታይሽ ገና ጡት ሳትጥል ደግሞ ለዚያ ጎረቤት ልጅ ልሰጣት ብለው ቃል ገብተው ነበር። ያኔ በኛ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ቃልን ማጠፍ ነው። ይታይሽ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ዓመት መኸር እንደገባ ሽማግሎች ሊመጡ ነው የሚል መልእክት ደረሰን። እናታችን ያን ሰሞን እህል አልቀምስ አለች። "ልጅቱ እኮ ልጅ ናት! ስምንተኛን እስክትጨርስ እንኳ ይታገሡልኝ" ብላ አባታችን እግር ላይ ወደቀች።

አባታችን ክፉ ሰው አልነበሩም። ከወፍጮ ቤት ሲመጡ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው፣ ልብሳቸው ትኩስ ዱቄትና በርበሬ እየሸተተ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት የይታይሽን ስም ነበር። ያን ቀን እናታችንን ከወደቀችበት አንስተው፣ "እኔ ቃሌን አላጥፍም። እነሱው መጥተው፣ አይተው፣ ሙያ የላትም ብለው ከተዉአት ግን ማን ይወቅሰኛል?" አሉ። እናታችን ነገሩ ወዲያው ገባት። በኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ መልኳን ብቻ አይቶ አይሄድም፤ እጇን ነው የሚያየው። የፈተለችው ፈትል፣ የሰፋችው ሰፌድ ይቀርብለታል።

እንግዲህ ምክሩ ሴቶቹ መሃል ተመከረ፤ እኔም ጆሮዬን አቁሜ ሰምቻለሁ። እናታችን ስፌት የሚባል ነገር ሁሉ ሰብስባ ጎረቤት ቤት አስቀመጠች። ይታይሽ ደግሞ ጸጉሯን ሳታበጥር፣ እጇን ሳትታጠብ፣ የሽቦ መኪናዋን ይዛ ሽማግሎቹ መሃል ዘው ብላ እንድትገባ ተነገራት። ከወንድ ጋር ቦይ ውስጥ ስትራገጥ የምትውል ባለጌ ብለው ተስፋ ቆርጠው ይሄዱ የለ! እህቴ ደስ አላት። "እማዬ፣ አይፈልጉኝማ፤ መኪናውን ሲያዩ ያማትባሉ" እያለች ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ሽማግሎቹ መጡ፤ ተቀመጡ፤ ጠላ ተቀዳላቸው። ይታይሽም እንደተባለው ገባች፤ ነጠላዋ ተንጠልጥሎ፣ ጣቶቿ በከሰል ጠቁረው፣ መኪናዋን ደረቷ ላይ አቅፋ። እናታችን ወዲያው ፊቷን ጨፍግጋ፣ "ምን ላድርግ ጌቶቼ፣ ሙያ አልገባት ብሎ ይኸው ሽቦ ስትቀጠቅጥ ትውላለች" አለች። አንዱ ሽማግሌ በርግጥም አማተቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በደስታ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

ከመሃላቸው ግን አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀንበርና ሞፈር ሲጠርቡ ያረጁ ሰው። "እስቲ አምጪው የኔ ልጅ" አሏት። ተቀበሏትና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ከኋላ ወደ ፊት እያዩ አገላበጡት። መሬት ላይ አስቀመጡት፤ የቤታችን ወለል ጎርባጣ ስለነበር አላረካቸውም። "ደልዳላ ነገር ታጣ እንዴ እዚህ ቤት?" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ይታይሽ ይህን ስትሰማ የመጣችበትን ጉዳይ ረሳችው። ሮጠች። ልኳን ይዛ መጣች። ከፊታቸው ተንበርክካ መኪናውን ደልዳላው ላይ አኖረችና፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ማዕዘን ማዕዘኑን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። እናታችን ከኋላ በዓይኗ ስትለምናት ማን ልብ ይበል! እኔ በልቤ፣ እባክህ ቀጭ በል፣ አንዴ ብቻ ቀጭ በል እላለሁ። መኪናው ድምፅ አላሰማም።

አያ ተገኘ ቀና ብለው ወደ አባታችን ዞሩ። "ወንድሜ፣ ይህን እጅ ነው ሙያ የለውም የምትሉን? ስፌቱን ያስተማራት አጥታ ነው እንጂ! ለባለቤቴ አንድ ክረምት ስጧትና አገር ይደነቅባታል። ዓይናችን ጥሩ ቦታ ነው ያረፈው" አሉ። ሌሎቹም "እውነት ነው፣ እውነት ነው" አሉ። አባታችን መሬት መሬት እያዩ "እንግዲህ እግዜር ያውቃል" አሉ።

ሽማግሎቹ መርቀው ሲወጡ እናታችን ይታይሽን ክንዷን ይዛ ነቀነቀቻት። "አንቺ ልጅ! ምናለ ሰባራውን ይዘሽ ብትገቢ? ምናለ ጠማማውን ብታሳዪያቸው?" አለች እያለቀሰች። ይታይሽ ግራ ተጋብታ አየቻት። "ሰባራ የለኝማ፣ እማዬ" አለች።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ሴቶቹ እጇን እንሶስላ ሲያስሯት ሽቦ የጫራት ቦታ ሁሉ እያቃጠላት ትንፋሿን ትስብ ነበር። ፊቷን ሸፍነው በበቅሎ ሲያወጧት ለቅሶዋን ሰማሁ እንጂ እሷን አላየኋትም። እልልታው አስፋልቱን ተሻግሮ ሩቅ ድረስ ተሰማኝ፤ ከዚያ ጠፋ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናታችን ጣውላውን ምድጃ ውስጥ ከትታው አገኘኋት። "አሳልፋ የሰጠቻት ይቺ ናት" አለችኝ። ምስማሮቹ አመዱ ውስጥ ቀሩ። ጢሱ ዓይኔ ገባ እያለች እስኪመሽ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ወንዶቹ ከዚያ በኋላ ቦዩ ዘንድ ብዙም አልወረዱም፤ መኪኖቻችን ሁሉ መዝለል ጀምረው ነበር።

ይታይሽ የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ሰነበተች፤ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ፤ እሷ በእግዜር ቸርነት ተረፈች። ገና ልጅ ነበረች እኮ! ከዚያ ወዲህ ያቺ የምትቀልደው ልጅ ዝም ያለች ሴት ሆነች። ኋላ ሌሎች ልጆች ወልዳ አሳድጋለች፤ ባሏም ክፉ የማይወጣው ሰው ነው። አባታችን እስኪሞቱ ድረስ ስሟ ሲነሳ ወደ ደጅ ይወጡ ነበር። እኔ ሹፌር ሆንኩ። ከቆጋ ድንችና ሽንኩርት ጭኜ ወደ ደምበጫና ወደ ቡሬ እመላለሳለሁ፤ መንገዱ ሲመቸኝ ከጅጋ ታጥፌ እሷን ሳላይ አላልፍም።

ያኔ በቅሎ የወሰዳት አገር ዛሬ አይሱዙዬ ደጇ ድረስ ይገባል። የሷ ልጅ ሰናይት ጅጋ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ስድስተኛ ክፍል ያለች ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢመጣ መምህራኑ አገር ያስጮሃሉ። ልጆቹ መኪና ሲያምራቸው ስልክ ላይ ይነዳሉ። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ምነው ለእሷ በደረሰላት ኖሮ እላለሁ። ስለ ስፌቱ አያ ተገኘ አልተሳሳቱም። የእህቴን መሶብ ጅጋ ገበያ ላይ ያላየ ሰው የለም።

በቀደም ዕለት ደጇ ላይ ተቀምጠን ነበር። እሷ አክርማዋን ዘርግታ ትሰፋለች፤ ሰናይት አጠገባችን ታጠናለች። በመሃል እህቴ ወደ ልጇ ዞራ፣ "አጎትሽ እኮ መኪና የጀመረው ያኔ ነው። በልጅነቱ ከሽቦ እየሠራ ሰፈሩን ጉድ ያሰኝ ነበር" አለቻት፣ በኩራት።

የምትቀልድብኝ መሰለኝና ሳቅሁ። "እታለም፣ ምን ነካሽ? የምትሠሪው አንቺ አልነበርሽም?"

"ኧረ በስመ አብ በል! እኔ?" አለችና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። "ሴት ልጅ ሽቦ ስትቀጠቅጥ የት አይተሃል?"

ጣውላውን ነገርኳት፤ ሽማግሎቹን ነገርኳት። ሽማግሎቹን ታስታውሳለች። ቦዩንም ታውቀዋለች፤ እናንተ ወንዶቹ ስትጯጯሁበት አለችኝ። ፊቷን አጥብቄ አየሁት፤ እየደበቀችኝ አልነበረም። ከዚያ ቤት ስትወጣ ያን ሁሉ ትታው ወጥታለች፤ ሲቆይ ደግሞ ለኔ ሰጥታኛለች።

ሰናይት መጽሐፏን አጠፈች። "አጎቴ፣ እንዴት አድርገው ነበር የሚሠሩት?" አለችኝ።

እንጨት አንስቼ መሬቱ ላይ እየሳልኩ አስረዳኋት፤ ሽቦው እንዴት እንደሚጎተት፣ ዘንጉ እንዴት እንደሚተኛ፣ ሲያልቅ እንዴት በጣት እንደሚጫን። እህቴ ወስፌዋን አስቀምጣ፣ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማችኝ።

"እንዲያ ነው ለካ የሚሠራው" አለችኝ።