አምስተኛዋ ቆርኪ

ባለፈው ሳምንት ቤት ስንቀይር ባለቤቴ ከአሮጌ ኮቴ የውስጥ ኪስ አንዲት ቆርኪ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የአምቦ ውሃ ቆርኪ ናት። መሃሏ በምስማር ተበስቷል፤ ውስጧ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም አምስት ቁጥር ተጽፎባታል። «ይቺንም ልንጭናት ነው?» አለችኝ እየቀለደች። እኔ ግን መጻሕፍት የታሸጉበት ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አምቦ ውስጥ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ በኮምፒውተር ባለሙያነት ቀጠረኝ። በግቢው ብቸኛው ባለሙያ ስለነበርኩ ተሳስተሃል የሚለኝ አልነበረም፤ ይህ ደግሞ ለዚያ ዕድሜ ጥሩ አይደለም። የተማሪዎቹ ውጤት በሙሉ ሰርቨር በምንለው አንድ ዋና ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ የሬጅስትራር ሠራተኞች ከየጠረጴዛቸው በፕሮግራም እየገቡ ይሠሩበታል። በመጀመሪያው ሳምንቴ ሁሉንም ሰብስቤ፣ አንድ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ «ፕሮግራሙን አንዴ ከከፈታችሁት አትዝጉት፤ መክፈትና መዝጋት ሰርቨሩን ያደክመዋል» አልኳቸው። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቅ። እነሱ ግን ወደዱት። በኛ ሀገር ቢሮ ኮትን ወንበር ላይ ሰቅሎ መውጣት የቆየ ልማድ ነው። የኮሌጁ ዲን በኮሪደሩ ሲያልፍ የተሰቀለ ኮትና የበራ ስክሪን ካየ፣ ሰውየው እዚሁ አካባቢ አለ ማለት ነው።

ችግሩ፣ ፕሮግራሙ አንዳንድ ቀን አንዱን አስገብቶ ሌላውን «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ይመልስ ነበር። መድኃኒቴ አንድ ነው፤ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት። ሲበራ ይሠራል፣ እኔም እመሰገናለሁ። ለምን እንደሚሠራ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ሌላው ሲጠይቀኝ ደግሞ «ሲስተም የለም» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከረኝ አይኖርም። አንድ ቀን ግን ሳጠፋው የሬጅስትራር ሠራተኛዋ ወይዘሮ አስቴር ከጠዋት ጀምራ ስታስገባ የዋለችው ውጤት ድራሹ ጠፋ። ዲኑም በሥራ ሰዓት ሰርቨሩን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ።

ጫልቱ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የነሐሴ ጭጋግ ገና ከከተማው አልተነሣም ነበር። ከኮሌጃችን በነርስነት የተመረቀች፣ የእጃጂ ልጅ ናት፤ አባቷ ኦቦ ዲሪባ አጅበዋት ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጥተዋል። በከተማቸው ጤና ጣቢያ ፈተናውን አልፋ የቀራት ጊዜያዊ ዲፕሎማ ማስገባት ብቻ ነበር። የመጨረሻው ቀን ደግሞ ያው ዕለት ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ከአምቦ ካልተነሡ ቢሮው ሳይዘጋ አይደርሱም፤ እሷ ካልደረሰች ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል።

ማተሚያው የተገጠመበትን ኮምፒውተር ከፈትኩ። መገናኘት አልተቻለም።

«ሲስተም የለም» አልኳት።

«ሲስተሙ ስብሰባ ሄዶ ነው?» አሉኝ ኦቦ ዲሪባ ፈገግ ብለው።

እኔ አልሳቅኩም። ገመድ ነቀልኩ፣ ገመድ ሰካሁ፣ ከጠረጴዛ ሥር ገብቼ አቧራ ለብሼ ወጣሁ። ዝናቡ ጀመረ። ኦቦ ዲሪባ ወጣ ብለው ከበሩ አጠገብ ከምትጠብሰው ሴት በቆሎ እሸት ገዙና አንዱን ለሁለት ሰብረው ግማሹን ለኔ ሰጡኝ። የልጃቸውን ዕድል አንቄ ይዤባቸው በቆሎ ያበሉኛል።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጫልቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። «ወንድሜ፣ አትቆጣኝ። ይሠራል ካልከኝ እጠብቃለሁ፤ አይሠራም ካልከኝ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። ምን እንደሆነ ብቻ እውነቱን ንገረኝ።»

«አላውቅም» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ጥጉ ላይ የሚቀመጡት ኦቦ ገመቹ መነጽራቸውን አወለቁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ፋይል ሲያገላብጡ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ ሰው።

«ቀድሞውኑ እንዲህ አትልም፣ ኢልመ ኮ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወረዱ። እሳቸው ማንኛውንም ነገር መጣል ስለማይሆንላቸው ከየት እንዳገኙት የማይታወቅ፣ ጀርባው ላይ «ሀገረ ሕይወት» የሚል የአምቦ የድሮ ስም የተጻፈበት የጥንት ፋይል ነበር። ከውስጡ አንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት መዘዙ። «ፕሮግራሙ ሲመጣ አብሮ የመጣ ነው። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ አምስት የሚለው ግን ገብቶኛል።»

አነበብኩት። የፈቃድ ወረቀቱ ነው። በአንድ ጊዜ ከአምስት ሰው በላይ መግባት አይችልም፤ ስድስተኛው አንዱ እስኪወጣ ይጠብቃል። እኛ ሰባት ኮምፒውተር ነበረን፤ አትዝጉት ያልኩትም እኔው ነኝ። ሰርቨሩን ሳጠፋው የሚሠራው ሁሉንም ስለሚያስወጣቸው ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የምታውቅ መስሎኝ። የተማረ ሰው እንዴት ብዬ ላስተምር?»

ቆመን ቆጠርን። ወይዘሮ አስቴር ውጤት እያስገባች ነው፤ አንድ። ኦቦ ገመቹ ሁለት። ሁለት ኮቶች ባዶ ወንበር ላይ ተሰቅለዋል፣ ስክሪናቸው በርቷል፤ አራት። «አምስተኛው ማነው?» አለች ወይዘሮ አስቴር። ወደ ጠረጴዛዬ ዞርኩ። ሰርቨሩ መሥራቱን ለመከታተል ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼ የተውኩት የራሴ ፕሮግራም ነበር። ዘጋሁት። የማተሚያው ኮምፒውተር ወዲያው ገባ፤ የጫልቱም ስም ወጣ።

ዲፕሎማው ታትሞ፣ ዲኑ ፈርሞ ማህተሙ ሲያርፍበት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችውና አባትና ልጅ በዝናብ ወደ መናኸሪያ ሮጡ። መስከረም ላይ በእጃጂ ሚኒባስ አንድ ዕቃ ሙሉ ጩኮ መጣልኝ፤ በቅቤ የራሰ የገብስ በሶ፣ ቅቤው ከላይ የረጋ። ሥራውን እንዳገኘች ያወቅነው በዚያ ነው።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ አምስት ቆርኪ በስተው አመጡ። ወይዘሮ አስቴር በጥፍር ቀለሟ ቁጥር ጻፈችባቸው፤ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ተሰቀሉ። ፕሮግራሙን የሚከፍት ቆርኪ ይወስዳል፤ ሲወጣ ዘግቶ ይመልሳል። ኮቱን ግን ከፈለገ ትቶት ይሂድ። ለተጨማሪ ፈቃድ ደብዳቤ ጽፈን መልሱን እየጠበቅን በዚህ ሠራን፤ ከዚያ ወዲህ «ሲስተም የለም» ብዬ አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መልሱ ገና ሳይመጣ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ስሄድ፣ መኪናው ጊንጪ ላይ ሲቆም እጄን ኪሴ ብከት አምስተኛዋ ቆርኪ አለች። ሌላ ይበሳሉ ብዬ ያዝኳት። ስለወደድኳት ነው መቼም።

ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ለኦቦ ገመቹ ደወልኩላቸው። ጡረታ ወጥተዋል።

«ኦቦ ገመቹ፣ አምስተኛዋ ቆርኪ እኔ ጋ ናት።»

«አውቃለሁ። በማግስቱ ቆጥረናል።»

«ታዲያ በምን ሠራችሁ?»

«በአራት ነዋ። አዲሱ ፈቃድ እስኪመጣ ስድስት ወር በአራት ሠራን።»

«አምቦ ላይ ቆርኪ ጠፍቶ?»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። «ቆርኪስ ሞልቷል። አስቴርም ሌላ ልጻፍ ብላ ነበር። ልጁ አዲስ አበባ ካልተስማማው ይመለሳል፣ አምስተኛዋን ለሌላ ከሰጠን ሲመጣ ቦታ ያጣል ብዬ ከለከልኳት።»

ያን ቢሮ ጥዬ ስሄድ ማንም ልብ አይለኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ባለቤቴ ካርቶን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አላውቅም ነበር» አልኳቸው።