ከመርዶው በፊት የጠፋው መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ሶስናን ለማየት ዴንተን ሄጄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ነው የምትኖረው። እናቷ የላከችላትን ሽሮና ድርቆሽ ሳስቀምጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያዋ አንዱን እርከን ባዶ አድርጋ፣ ከላይ ሐምራዊ መብራት ሰክታ፣ በእርጎ ኩባያዎች በሶብላ ማብቀሏን አየሁ። ኩባያዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል።

“አባዬ፣ እስቲ እየው፣ ይሄኛው ዬሎ እየሆነ ነው። ሶ፣ ውሃ አንሶት ነው?” አለችኝ።

“የውሃ አይደለም፤ ተጨናንቆ ነው” አልኳት ጎንበስ ብዬ። “ግማሾቹን ወደዚያ አርቂያቸው፣ ቅጠላቸው እንዳይነካካ። መብራቱንም ትንሽ ከፍ አድርጊው፤ በጣም ቀርቧቸዋል።”

“ዌት፣ አንተ ይሄን ከየት አወቅህ?”

መገረሟ አይፈረድባትም። እቤታችን በኔ እጅ የከረመ አበባ የለም። “ድሮ አብሮኝ የኖረ ልጅ አስተምሮኝ ነው” አልኳትና ወሬ ቀየርኩ። ስመለስ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ፣ መኪናው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። እኔም እዚያ ቆሜ ስለዚያ ልጅ፣ ስለ ምንያህል ሳስብ ቆየሁ። 

ያኔ ሁለታችንም ሠላሳ አልሞላንም። ዳላስ አጠገብ፣ ኧርቪንግ ውስጥ፣ አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የወጥ ቤቱ መስኮት የሚንቀጠቀጥባት አንዲት አሮጌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ከኤርፖርቱ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሱ ሻንጣ ይጭናል። ምንያህል አገር ቤት እርሻ ኮሌጅ ተምሮ፣ ገጠር ውስጥ የአትክልት ባለሙያ ሆኖ የሠራ ልጅ ነው። እዚህ ግን ስለዚያ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይዘረራል፤ የሚያወራውም ስለ ወገቡ ብቻ ሆነ። ልጁ ዓይኔ እያየ ደረቀ።

አንድ ቀን ከሥራ የሚያውቀው ልጅ ትልቅ አምፖልና ጥቂት ዘር ሰጠው። የካናቢስ ዘር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ነገሩ ያኔም ዛሬም ወንጀል ነው፤ ለሌላው ሰው እስር ቢሆን ለምንያህል ከዚያ የባሰ ነበር፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ቢያዝ አንድም ዳኛ አይሰማውም፣ ተጠርዞ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ተጣላን፣ ለሳምንታት ሳንነጋገር አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ተገፋፋን።

“ሲሸጥ ለእናቴ መታከሚያ ይሆናል” ይል ነበር። እናቱ ቡሬ ውስጥ ኩላሊታቸውን ታመው ከአልጋ ውለዋል፤ እውነቱን ነው፣ ይረዳቸዋል። ነገር ግን ነገሩ ለራሱም ነበር። ከሥራ እንደገባ ወደ ትንሿ ክፍል ሄዶ ቅጠል ያገላብጣል፣ አፈር በጣቱ ይጫናል። ምሽት ላይ ምስር ይሠራል፣ አልፎ አልፎም ያፏጫል። ያፏጨ ዕለት ነው እኔ የተሸነፍኩት። ልጁን ሕያው ሆኖ ማየት ደስ አለኝና አፌን ያዝኩ።

ክረምቱ፣ ማለቴ የዚህ አገር በጋ፣ አስፋልቱን የሚያቀልጥ ነበር። ነሐሴ ላይ አምፖሉና ፀሐዩ ተባብረው ቤቱን ምድጃ አደረጉት፤ የቤቱ ኤሲ ሌት ተቀን ያቃስታል። ጎረቤታችን የነበሩት ሜክሲኳዊት በየማለዳው በቆሎ ሲጠብሱ ሽታው ይመጣ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ግን የኛ ቤት ሽታ ያንን ዋጠው። ተክሎቹ ማበብ ጀምረው ነበር።

አንድ እሮብ ዕለት አውቶቡሱን አቁሜ ምሳ ስበላ ጋሽ ተካ ደወሉልኝ። ጋሽ ተካ በኛ አካባቢ ሰው ሲሞት የሚነገራቸው፣ ሰው የሚሰበስቡ፣ ለቅሶ የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው።

“ልጄ፣ ብቻህን ነህ?” አሉኝ።

እንዲህ ሲሉ ሞት እንዳለ ማንም ያውቃል። መጀመሪያ የራሴን እናት አሰብኩ።

“የምንያህል እናት አርፈዋል” አሉ። “ትናንት ቀበሯቸው። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መጥተን እናረዳዋለን። እስከዚያ አንተ ጠብቀው፤ ስልኩን ጠብቅ፤ ማንም አፉ እንዳያመልጠው።”

“ጋሽ ተካ፣ እርስዎ ቤት ብንጠራውስ?”

“ለምን ሲባል? ሰው መርዶ የሚረዳው በቤቱ ነው። ደግሞ ሦስት ቀን ሰው ይቀመጣል። ቤታችሁ ይበቃል፤ ያቺ ትንሿ ክፍል ለሴቶቹ ማረፊያ ትሆናለች።”

ትንሿን ክፍል ምን ብዬ ልንገራቸው? ልቆልፋት? የለቅሶ ቤት ክፍል አይቆለፍም። ሴቶቹ ድስት ፍለጋ፣ ልጆቹ እንቅልፍ ሲመጣባቸው፣ ሁሉንም በር ይከፍታሉ። ሽታውን ደግሞ ቁልፍ አያስቀረውም። ከሚመጣው ሰው መሃል አንዱ ለአንዱ ሹክ ቢል፣ ወሬው እሁድ ሳያልፍ ዳላስን ዞሮ ፍሪስኮ ይደርሳል። የሚጎዳው ደግሞ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው።

ሐሙስ ማታ ቲማቲም ቁርጥና ቃሪያ አብረን በላን። እሱ ስለ መብራቱ ቁመት ያወራኛል፤ እኔ እየጎረስኩ አልውጥም። እናቱ የሞተችበት ሰው ከፊቴ ተቀምጦ ቃሪያ አቃጠለኝ ብሎ ሲስቅ ማየት አንጀቴን በላው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም ሥራ አልነበረንም። አንድ ነገር ላደርግ ቆርጬ ስገባ፣ ትንሿ ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ በጥርሱ ፕላስተር ይዞ፣ ሜትር ዘርግቶ ሲለካ አገኘሁት። ግድግዳው ሁሉ የወጥ ቤት ፎይል ተለጥፎበታል። በሰንሰለት የተንጠለጠለው አምፖል ዓይን አያስገልጥም። ከሥሩ ስምንት ባልዲዎች ተጨናንቀው ቆመዋል።

“ና ግባ” አለኝ። “ስህተቴን አገኘሁት። ስምንቱን አንድ ላይ ማጎሬ ነው። የመሃሎቹ ብርሃን ጠግበዋል፣ የዳሮቹ አንገታቸውን ወደ መሃል አጣመው ቀሩ። ሁለቱን አወጣለሁ፣ ስድስቱን አራርቄ በክብ አቆማቸዋለሁ። መብራቱን ከፍ ሳደርገው ለሁሉም እኩል ይደርሳል። እየው፣ ምልክት አድርጌበታለሁ።”

ወለሉ ላይ ስድስት የፕላስተር መስቀሎች ነበሩ።

“ምንያህል፣ ስማኝ” አልኩት። “ላንድሎርዱ ነገ ጠዋት ቤቱን ኢንስፔክት ሊያደርግ ይመጣል። ይሄን ሁሉ ዛሬ ማውጣት አለብን።”

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። “ዛሬ ጠዋት ለኤሲው ኮል አድርጌለት ነበር። ፍሎሪዳ ነኝ ነው ያለኝ።”

ውሸቴ እዚያው ቀረ። ሌላ ሳፈላልግ እሱ ቀጠለ።

“እናቴ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ተምረህ ተምረህ ጎመን መትከል አቃተህ ትለኝ ነበር። እሷ ሜትር አታውቅም፤ በስንዝሯ ነው የምትለካው። አንድም ቀን ተጨናንቆባት አያውቅም።” አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። “ሁለት ስንዝር ነበር ወይስ ሁለት ተኩል? ቆይ፣ እሁድ ስደውል እጠይቃታለሁ።”

“አትጠይቃትም” አልኩት።

አፌ ነው የተናገረው፣ እኔ አልወሰንኩም። ቀና አለ። ፕላስተሩ አሁንም ጥርሱ ላይ ነበር።

“እናትህ አርፈዋል፣ ምንያህል። ማክሰኞ ተቀበሩ። ነገ ጠዋት ሰው ሊያረዳህ ይመጣል።”

እንደተንበረከከ ፕላስተሩን ከአፉ አወጣ። አጠገቡ ሄጄ ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ በባልዲዎቹ መሃል መግቢያ አልነበረም። መርዶ ሲነገር ሰው ከግራና ከቀኝ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ እሱን የያዘው ማንም አልነበረም።

“አንተ መቼ ሰማህ?”

“እሮብ።”

“ትናንት አብረን እራት በልተናል” አለ። ከዚያ በቀር አልወቀሰኝም፤ ያቺው በቂ ነበረች። ቀጥሎ “ማን ማን ነው የሚመጣው?” አለኝ።

“ጋሽ ተካ፣ እትዬ አስካለ፣ ሁሉም። ሦስት ቀን ይቀመጣሉ።”

ተክሎቹን አየ፣ በሩን አየ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ተነስቶ የአምፖሉን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። ክፍሏ ጨለመች።

“ዛሬ እንቆርጣለን” አለ። “ነገ አለቅሳለሁ።”

በወጥ ቤት መቀስ ቆረጥን። እሱ ከሥር ይቆርጣል፣ እኔ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ እከታለሁ። አበባው ሙጫ አለው፤ እጃችን ላይ እየተጣበቀ ጣታችንን አገናኘው። አንዴ ብቻ ትልቁ ተክል ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ ቅጠሉን በሁለት ጣቶቹ አሻሸ፤ ከዚያ ቆረጠው። ላስቲኮቹንና አምፖሉን ጭኖ ብቻውን ሄዶ ጥሎ መጣ፤ የት እንደጣለው አልጠየቅሁም። ፎይሉን ገነጠልን፣ ወለሉን በበረኪና አጠብን። ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ እምቢ አለ። ያን ጊዜ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ የነበረንን አንድ ከረጢት ሽንኩርት በሙሉ ከትፌ በትልቁ ድስት አቁላላሁት። እየከተፍኩ ዓይኔ ይፈሳል። እሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ የሱ ዓይን ደረቅ ነበር።

ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ምንያህል ራሱ ከፈተ። ጋሽ ተካ ከነሠራዊታቸው ገቡ፣ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙት፣ ሽማግሌው እንደ ወጉ ቀስ አድርገው ተናገሩ። ሴቶቹ ጮኹ። ምንያህል ግን ጋሽ ተካን አየ፣ እኔን አየ፣ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ሊያለቅስ እንደፈለገ አውቃለሁ፤ አፉ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

“ምነው ልጄ፣ አውጣው እንጂ። እናት እኮ ናት” አሉት እትዬ አስካለ እያለቀሱ። ከዚያ ውሃ ሊያመጡለት ወጥ ቤት ገቡና ድምፃቸው ተሰማ። “ይሄን ሁሉ ሽንኩርት ማነው ያቁላላው?”

ለሃምሳ ሰው የሚበቃ ቁሌት፣ መርዶ ባልሰማ ቤት፣ ከንጋት በፊት። ጋሽ ተካ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

“አርድተኸዋል” አሉኝ።

“አዎ፣ ጋሽ ተካ።”

“ብቻውን? ለምን?”

መልሱ ከበስተጀርባቸው ነበር። ሴቶቹ ፍራሽ አንጥፈው ሕፃን እያስተኙባት ያሉት ክፍል ናት። ወለሉ ላይ ሳናነሳው የቀረ አንድ የፕላስተር መስቀል ይታየኛል። “አፌ አመለጠኝ” አልኩ። ጋሽ ተካ ፊታቸውን አዞሩ። ሦስቱን ቀን ከሕንድ ሱቅ በተገዛ ሽምብራ የተቀቀለ ንፍሮ ሳዞር ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እኔ ባለሁበት የሞት ወሬ አይነገርም ነበር፤ ያ ወሬ የማይቋጥር ይሉኛል አሉ። ተናድጃለሁ፣ አልክድም። ምንያህልን ደግሞ ያ ልበ ደንዳና አሉት። የሐዘኑ መጀመሪያ በመቀስና በበረኪና አለፈ፤ ሰው ሊያስለቅሰው ሲመጣ የሚያወጣው አልቀረለትም። እኔ እንዲህ ነው የተረዳሁት፤ ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም።

በዓመቱ ወደ ኮሎራዶ ሄደ። የመኖሪያ ወረቀቱንም እዚያ አገኘ። ቆይቶ ያ ክልል ካናቢሱን ፈቀደና፣ ምንያህል ዛሬ በጠራራ ፀሐይ፣ በደመወዝና በኢንሹራንስ፣ ለአንድ ትልቅ አብቃይ ድርጅት ይሠራል። ሥራው ክፍል ማቀድ ነው፤ መብራቱ ስንት ቦታ ይሰቀል፣ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ተክልና ተክል ምን ያህል ይራራቅ። ጎበዝ ነው ይላሉ። ስንነጋገር ስለ ልጆችና ስለ ወገብ ነው የምናወራው። ስለዚያ ዓርብ ተነስቶ አያውቅም ነበር።

አምና አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

“የት ነህ?” አልኩት።

“ፓርኪንግ ነኝ፣ መኪና ውስጥ። ዛሬ ሃርቨስት ነው። ሲቆርጡ ውስጥ መሆን አልችልም። ሽታው ሲመጣ ዕንባ ይጀምረኛል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አለርጂ ይመስላቸዋል። ኪኒን ይገዙልኛል እኮ፣ ደግ ልጆች ናቸው።”

“ሁልጊዜ እንዲህ ነው?”

“በቆረጡ ቁጥር።”

እንግዲህ ያን ሥራ ከያዘ ወዲህ እናቱን ሲያለቅስ የኖረው በየመከሩ፣ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ብቻውን ኖሯል። ማንም ያልያዘው ሰው። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ባልነግረው ኖሮ ዛሬ የት እንደሚሆን አውቃለሁና አልጸጸትም፣ ግን ይከብደኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ መከር በደረሰ ቁጥር ይደውላል። መንገድ ላይ ከሆንኩ መኪናዬን ዳር አቆማለሁ። ብዙ አናወራም። እሱ ያለቅሳል፤ እኔ “እግዚአብሔር ያጽናህ” እለዋለሁ፤ እስኪበቃው ድረስ ስልኩን አልዘጋም።