ይሄኛው የራሴ ነው

በራሶ ሞተ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት።

«የትኛው በራሶ?» አልኩ፣ እንደማላውቅ ሁሉ። ከትናንት ወዲያ ጪጩ ገበያ ጥግ አግኝቼው በከዘራው ጫማዬን ነካ አድርጎኝ አልፏል እኮ!

ስልኬን ስከፍት ሁላችሁም ፎቶውን ለጥፋችኋል። «ነውር ያልተገኘበት አባታችን» ብላችሁ። ከስሩ ደግሞ አሜን፣ አሜን፣ አሜን።

ተናደድኩ። በአንድ ጣቴ ነው ፊደል የምለቅመው።

ነውር ያልተገኘበት? ነውሩን በገዛ አፉ አውጥቶ የተናገረ ሰው እኮ ነው! ያንን ከቀበራችሁበት ምኑን ነው የምታስታውሱት?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጃንሆይ ጊዜ፣ ጪጩ በነበረችው የጭቃ ጸሎት ቤታችን በራሶ አስተርጓሚ ነበር። ሰባኪ ከመሀል አገር መጥቶ በአማርኛ ይሰብካል፣ በራሶ ወደ ጌዴኦኛ ይመልሳል። ታማኝ ነበር። ከራሱ አንዲት ቃል ከጨመረ «ይሄኛው የራሴ ነው» ይላል፤ ሰዉም ይስቃል።

አንድ እሁድ ሰባኪው ስለተሸሸገ ኃጢአት ተናገረና ውሃ ሊጠጣ ቆም አለ። በራሶ ግን አልቆመም።

«እዚህ ቆሜ የእግዚአብሔርን ቃል እናገራለሁ፣ ቤቴ ገብቼ ሚስቴን እደበድባለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥርሷን ሰበርኩ» አለ።

ሰዉ ሰባኪው የተናገረው መሰለው! አንዲት እናት ብድግ ብለው «እንዲህ ያለውን አውሬ ነው የላኩልን?» ብለው ጮሁ። ሰባኪው ጌዴኦኛ አይሰማ፣ ሕዝቡ በመንፈስ የተነካ መስሎት ፈገግ እያለ «አሜን! አሜን!» ይላል።

ያኔ በራሶ እጁን አነሳ። «እሱን ተዉት። ይሄኛው የራሴ ነው።»

ማንም አልሳቀም። በሴቶቹ ወገን ሚስቱ ሳምንቱን ሙሉ አፏን የሸፈነችበትን ነጠላ ቀስ ብላ አወረደች።

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ማስተርጎሙን ነጠቁት። «ለጌታ ብቻ ብትነግረው ምን ነበረበት? የጉባኤውን ስም አጠፋህ» አሉት። ስለመታ አይደለም የተቆጡት፤ ስለተናገረ ነው! ገበያ ሲወጣ ደግሞ «አስተርጓሚው! እስቲ የሚስትህን ለቅሶ በአማርኛ አሰማን!» ይሉታል።

ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በምን አፌ እንደሳቅሁ እንጃ። ከበራሶ ጋር አጥር ነበር የምንጋራው። እሱ የእኔን ቤት ይሰማል፣ እኔ የእሱን እሰማለሁ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ከእሱ ቤት ጩኸት አልተሰማም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ አብረው ሲጸልዩ ነበር የሚሰማው። ከወራት በኋላ ደግሞ ሳቅ። ባለቤቴ ታደለች የምትለቅመውን ቡና ትታ «የበራሶ ሚስት ስትስቅ ሰማህ?» አለችኝ። ዓይኗ ስር ያበጠው ገና አልጎደለም ነበር።

አዎ። እኔም እመታት ነበር። ጸሎት ቤት ሲጠይቋት «እንጨት ስፈልጥ ተፈናጥሮ መታኝ» ትልልኝ ነበር።

እኔ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት ለጌታ ብቻ ነገርኩት። ተንበርክኬ፣ አልቅሼ። ማንም አላወቀም፤ በሳምንቱ ደገምኩት። እንደገና አለቀስኩ፣ እንደገና ደገምኩት። እጄ ያረፈው ዓመታት አልፈው ጉልበቴ ሲያልቅ ነው። የደከመ እጅ ንስሐ ገባ ይባላል?

ታደለች ስትሞት ቀብሯ ላይ «እንደ ዓይንህ ብሌን የጠበቅሃት» እያላችሁ አጽናናችሁኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኩ። በራሶ ብቻ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር አወጣኝ።

«አንተ ሰው፣ ይሄን ሌላ ሰው አይተረጉምልህም» አለኝ።

እጁን አራገፍኩት። በሚስቴ መቃብር አጠገብ!

ልጆቼ፣ ይሄን አይታችሁ ትደውላላችሁ። «አባዬ ምን ነካህ፣ ቶሎ አጥፋው» ትላላችሁ። አላጠፋውም። የእናታችሁን ለቅሶ እናንተም ትሰሙ ነበር። «የቤታችንን ወሬ ውጭ እንዳታወጡ» ብዬ ያሳደግኋችሁ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።

የሕይወት ታሪኩን ነገ ቀብሩ ላይ የምታነቡም ስሙ። ያችን እሁድ ብትዘልሏት ከመቀመጫዬ ተነስቼ እናገራለሁ። ተቀመጥ ብትሉኝ አልቀመጥም። ተቀምጬ የኖርኩት ይበቃል።

በራሶ ወንድሜ፣ በሰላም ሂድ። ጌታህ ፊት አስተርጓሚ አያስፈልግህም፤ ያንተን ቋንቋ ያውቀዋል።

ታደለችን ካገኘሃት ስለ እኔ ምንም አትንገርልኝ። እኔው እነግራታለሁ። እስከዚያ ለሰው ሁሉ ነግሬልሃለሁ፦ ሚስቴን እመታት ነበር።

ይሄኛው የራሴ ነው።